ስለ ትክል ድንጋይ ጠይቁ፤ ጋሼ ይመልሳሉ

እሁድ ከአምስት ኪሎ ከሙዚየሙ በር በ12 ሰዓት ተነስተን፣ ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት ጢያ ውለን እንመለሳለን። ከጉዞው በፊት ያላችሁን ጥያቄ ጋሼ ዛሬ ማታ ይመልሳሉ። ስም አያስፈልግም፣ እንደለመድነው ሰፈራችሁን ጻፉ። አንዴ የተመለሰውን ደግማችሁ ባትጠይቁ ደግ ነው፤ ባህርያቸውን ታውቃላችሁ።

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ። ቀድሜ ልናገርና ልረፍ። ጠመኔ የያዘ ሰው መኪናው ላይ አይወጣም። ድንጋይ ላይ ውሃ አይደፋም። "ይህ ምን ማለት ነው?" ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው መልስ አይጠብቅ። የትኛው ድንጋይ፣ በየትኛው ፊቱ፣ ከመሬት በስንት ሳንቲሜትር ላይ እንደሆነ ይጻፍልኝ። ቀጥሉ።

ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ጢያን አንዳንዱ የቅድመ ታሪክ ቦታ ይለዋል፣ አንዳንዱ የመካከለኛው ዘመን። የትኛው ነው ልክ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንጋይ ስለቆመ ብቻ ቅድመ ታሪክ አይባልም። ቅድመ ታሪክ ጽሑፍ ከመኖሩ በፊት ያለው ዘመን ነው። ጢያ ላይ ከተቆፈሩት መቃብሮች የተገኘው ዕድሜ በአብዛኛው ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ያ ጊዜ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ሲፈለፈል፣ ግዕዝ በብራና ሲጻፍ ነው። ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች ስማቸውን አልጻፉም እንጂ የሚጽፍ ጎረቤት ነበራቸው። ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አጭር መግለጫው "ዕድሜው ገና በትክክል ያልተወሰነ ጥንታዊ ባህል" ብሎ ነው የጻፈው፤ ሰው ያንን ይዞ ሺህ ዓመት እንደፈለገው ይጨምርበታል። እውነተኛ ቅድመ ታሪክ የምትፈልግ ከሆነ እሁድ በመንገዳችን ላይ ናት፦ መልካ ቁንጥሬ፣ አዋሽ ድልድይ አጠገብ። እሷ ከጎረቤቷ ባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ነው የተመዘገበችው። እዚያ ዕድሜ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ከዚያ ተነስተህ ጢያ ስትደርስ ትናንትና እንደመድረስ ነው።

ሁሉም ትክል ድንጋይ ግን የአንድ ዘመን አይደለም። ጌዴኦ ውስጥ ሳካሮ ሶዶ የሚባለው ቦታ በ2021 በወጣ ጥናት ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ተወስዷል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ "የደቡብ ትክል ድንጋይ ዕድሜ ስንት ነው" ተብሎ በጅምላ አይጠየቅም።

ልደታ፦ የግራኝ ድንጋይ አይደለም እንዴ? የአካባቢው ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።

ጋሼ፦ የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላል፣ ትክክል ነህ። ስሙ ነው፤ ደራሲው አይደለም። ኢማም አህመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ የተዋጋው በ1529፣ የሞተው በ1543 እ.ኤ.አ. ነው። መቃብሮቹ ቢያንስ አንድ መቶ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቀድሙታል። በአገራችን ትልቅ ድንጋይ፣ የፈረሰ ግንብ፣ ባለቤቱ የተረሳ ነገር ሁሉ ወደ ግራኝ ይላካል። ስሙ የሚያስተምረን ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች ከቦታው ተለውጠው ወይም ትዝታቸው ተቋርጦ እንደነበር ነው። እሱም ቀላል መረጃ አይደለም።

ሜክሲኮ፦ ትክል ድንጋይ ነው ወይስ ሐውልት የሚባለው?

ጋሼ፦ ሁለቱም ይባላል። እኔ ትክል እላለሁ፤ የተተከለ መሆኑን ይነግረኛልና።

አራት ኪሎ፦ ቦታው ላይ ስንት ድንጋይ አለ? ሁሉንም በአንድ ቀን መመዝገብ ይቻላል?

ጋሼ፦ 36 ናቸው፤ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው። 33ቱ 45 ሜትር ገደማ በሚረዝም አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው፣ ሦስቱ ትንሽ ራቅ ብለው ለብቻቸው። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ጀምሮ ትልቁ 5 ሜትር ይደርሳል። ጢያ ባለበት በሶዶ አካባቢ እስካሁን የታወቁት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ወደ 160 ይጠጋሉ፤ ጢያ አንዱ ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከት። 33 ድንጋይ በ45 ሜትር ውስጥ፣ በአማካይ በመካከላቸው 1.4 ሜትር ብቻ ነው ያለው። የስልክህ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ 3 እና 5 ሜትር ይሳሳታል። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቆመህ ነጥብ ብትወስድ ካርታህ ላይ አምስተኛው ከሰባተኛው ኋላ ይሄዳል። ጂፒኤሱ ሰልፉ የት አገር እንዳለ ይንገርህ፤ የድንጋዮቹን ቦታ ሜትር ነው የሚናገረው። ስለዚህ፦

ባለ 50 ሜትር ሜትር ወይም ምልክት ያለው ገመድ ከሰልፉ ጎን፣ ከድንጋዮቹ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይወጠር። ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ጂፒኤስ ይወሰድ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፦ በገመዱ ላይ ስንተኛው ሜትር፣ ከገመዱ ወደ ጎን ስንት። ወደ ጎን የምትለካው በ90 ዲግሪ ማዕዘን መሆን አለበት፤ ግንበኛ ቤት ሲቀይስ እንደሚያደርገው ጎኖቹ 3፣ 4፣ 5 የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠርተህ አረጋግጥ። ገመዱ ሣር ላይ ከተንጠለጠለ ወይም ነፋስ ከገፋው 20 ሳንቲሜትር ትሳሳታለህ፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ሰው ይያዘው። ካስማ አትትከሉ። መቃብር ላይ ነው የምትቆሙት።

አንድ ቀን ለቦታ አቀማመጡ ይበቃል። ለቅርጻ ቅርጹ አይበቃም።

ካዛንቺስ፦ ጂፒኤሱን በስልክ ብንወስድስ?

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ።

ቸርችል፦ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ምን ምን እንጻፍ? ዝርዝር ቢሰጡን።

ጋሼ፦ ቁመት ከመሬት በላይ። ስፋትና ውፍረት በሦስት ቦታ፦ እግሩ ጋ፣ ወገቡ ጋ፣ ከአናቱ 20 ሳንቲሜትር ወረድ ብሎ። አናቱ ምን ይመስላል፦ ድቡልቡል፣ ሹል፣ የተሰበረ። ዝንባሌ ካለው በስንት ዲግሪ ወደየት። ምልክቱ ያለበት ፊት ወደየት ይመለከታል። እግሩ ዙሪያ ምን አለ፦ የታጨቀ ድንጋይ፣ ባዶ ጉድጓድ፣ የከብት መተሻሻ፣ አዲስ ሲሚንቶ። ከዚያ አራቱም ፊቶች ፎቶ፣ መለኪያ በትር አጠገቡ ቆሞ። ሰው አይቁም፤ ሰው መለኪያ አይደለም።

የፊቱ አቅጣጫ ላይ ላጠንክር። ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ አታስጠጉት። እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ የብረት ማዕድን አለበት፣ መርፌውን ይጎትታል። የስልክ መያዣ ማግኔት ካለው ደግሞ ይብስ። ከድንጋዩ 3 ሜትር ራቁ፣ ከፊቱ ጠርዝ ጋር በዓይን ተስተካከሉ፣ አንብቡ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ወገን ዙሩና መልሳችሁ አንብቡ። ሁለቱ ንባቦች በ180 ካልተለያዩ አንዱ ተሳስቷል፤ ድገሙት።

ወድቆ እንደገና የቆመ ድንጋይ ካለ አስጎብኚውን ጠይቁና "ዳግም የቆመ" ብላችሁ ጻፉ። የእሱ አቅጣጫ ያነሳው ሰው ምርጫ ነው፣ የተከለው ሰው አይደለም። ይህን ሳይለዩ "ሁሉም ወደ ምሥራቅ ያያሉ" ብሎ የሚጽፍ ሰው በዝቷል።

ስድስት ኪሎ፦ ከሶዶ የመጡ ድንጋዮች ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አሉ አይደል? ጢያ ሳንሄድ እዚያ መለማመድ አንችልም?

ጋሼ፦ ለልምምድ ግሩም ናቸው። ቁመት፣ ስፋት፣ ፎቶ፣ ብርሃን፤ ሁሉንም እዚያ ተለማመዱ፣ ግቢው ፈቃድ ከሰጣችሁ። ነገር ግን የፊት አቅጣጫውን ለክታችሁ እንዳትመጡብኝ። ያ ድንጋይ ዛሬ የሚያየው አጥርና ጽድ ነው። ከማን አጠገብ ቆሞ ነበር? ከሥሩ ማን ተቀብሮ ነበር? ከቆመበት ሆኖ ምን ይታይ ነበር? ከቦታው ሲነሳ ግማሹ መረጃ እዚያው ቀርቷል። ምልክቱ አለ፣ አረፍተ ነገሩ የለም። ለዚህ ነው ማንም ሰው መንገድ ዳር የወደቀ ትክል ድንጋይ አግኝቶ "ለጥበቃ" ብሎ ሲያነሳው የምቆጣው። የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጻፈ ግዴታ ነው፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ወንጀል ነው። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን ጻፉ፣ ቀበሌው ወይም የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይወቅ፣ ቅርስ ባለስልጣን ይወቅ። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ሰንጋ ተራ፦ ጋሼ፣ ድንጋዮቹ ላይ ከተቀረጹት ሰይፎች በታች ያለው ግንድ የሚመስለውና ወደ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ምልክት እንሰት መሆኑ ግልጽ ነው። አካባቢው ጉራጌ ነው፣ እንሰት ሕይወት ነው። ለምን አትሉም?

ካዛንቺስ፦ ይቅርታ፣ እሱ ብርኩማ ነው። የሞተው ሰው ራሱን የሚያስደግፍበት። መቃብር ላይ ሌላ ምን ይቀረጻል?

ሰንጋ ተራ፦ ብርኩማ ቅጠል ያወጣል?

ካዛንቺስ፦ እንሰትስ እንደዚያ ለሁለት ይከፈላል? እንሰት አይተህ ታውቃለህ ወይስ ቆጮውን ብቻ ነው የምታውቀው?

ሰንጋ ተራ፦ እናቴ ጓሮ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ አንተ ነህ በክትፎ ቤት የምታውቀው።

አምባሳደር፦ ክትፎ ካነሳችሁ ሲመለስ ቡታጅራ ድረስ ብንሄድስ? ብዙም አይርቅም።

ፒያሳ፦ እኔ እደግፋለሁ።

ጋሼ፦ ክትፎውን ከአዘጋጁ ጋር ጨርሱ። ምልክቱን በተመለከተ ሁለታችሁም የተናገራችሁት ቀደም ሲል የተባለ ነው፣ ሁለታችሁም "ይመስላል" ከሚለው አላለፋችሁም። መምሰል ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ይህ ነው፦ ምልክቱ በስንት ድንጋይ ላይ አለ፣ ሁልጊዜ ከሰይፎቹ በታች ነው ወይስ ይቀያየራል፣ ሰይፍ በሌለው ድንጋይ ላይ ይገኛል ወይ፣ ሥሩ የተቀበረው ሰው ወንድ ነው ሴት። ክቡን ምልክት ጡት ነው ብለው ድንጋዩን የሴት የሚያደርጉ አሉ። ሰይፉን የገደለው ሰው ቁጥር ነው የሚሉ አሉ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ 19 ሰይፍ ይቆጠራል፣ ስለዚህ 19 ገዳይ ይሉታል። ሊሆን ይችላል። ማዕረግም ሊሆን ይችላል፣ የዘር ቆጠራም ሊሆን ይችላል። እኔ የምጽፈው "19 ሰይፍ፣ ጫፋቸው ወደዚህ" ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ነገር ሕያው ሆኖ ማየት የሚፈልግ ኮንሶ ይሂድ። እዚያ ድንጋይ የሚቆመው ትውልድ ለትውልድ ሥልጣን ሲያስረክብ ነው፣ ለምን እንደቆመም የሚነግርህ ሰው አጠገቡ ቆሞ ታገኘዋለህ። ጢያ ላይ የጎደለን እሱ ሰውዬ ነው።

ጊዮርጊስ፦ ከሥሩ እነማን ናቸው የተቀበሩት?

ጋሼ፦ ከተቆፈሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት፣ እንደ ፅንስ ታጥፈው የተቀበሩ። ቁፋሮውን በዘመናዊ መንገድ ከሠሩት መካከል የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም ናቸው፤ ከእነሱ በፊት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ አዛይስ በአካባቢው ዞረው መዝግበዋል።

ቸርችል፦ ቅርጹ ፎቶ ላይ አይወጣልኝም። ዓይኔ ያያል፣ ስልኩ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው የሚያሳየኝ። ጠመኔ በትንሹ ብንቀባስ? በኋላ ይታጠባል።

ጋሼ፦ አይቀባም። አይታጠብም። ይህን ሁለቴ እንዳልጽፈው ተስፋ አደርግ ነበር።

ምክንያቱን ልንገርህና ለሌላውም ንገር። የጢያ ድንጋይ ኢግኒምብራይት ነው፣ ትኩስ የእሳተ ገሞራ አመድ ተጋግሮ የሆነ። አዲስ አበባ ውስጥም ለግንብ ሲጠረብ የኖረ ዓይነት ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። የጠመኔው ዱቄት ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያየው ቀራጩን አይደለም፣ አንተ የገመትከውን መስመር ነው። ውሃ ስትደፋበት ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨው ይሟሟል፣ ሲደርቅ ወደ ላይ ይወጣና ልጡን ይገፋል። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን ግራጫና ቢጫ የድንጋይ ሽበት ለማንሳት በብሩሽ ስትፈገፍገው ሽበቱ የያዘውን የድንጋይ ቅንጣት ይዞ ይነሳል። ወረቀት ለጥፎ በከሰል ማሸትም ያው ነው። ዘይት፣ ቅቤ፣ ሽቶ፤ ይህንንም ያደረገ ስላለ ነው የምጽፈው።

የሚያስፈልግህ ብርሃን ነው። ብርሃን አይነካም።

የተቆፈረ መስመር የሚታየው ብርሃኑ ከጎን ሲያቋርጠው ነው። የሰይፍ መስመር ቁም ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ መምጣት አለበት። ከላይ የሚወርድ ብርሃን አግድሙን መስመር ያወጣል፣ ሰይፉን ይውጠዋል። እኩለ ቀን ላይ ያነሳኸው ፎቶ የሰይፉን መያዣ አግድም ብቻ አሳይቶህ "መስቀል ነው" ያልከው ለዚህ ይሆናል። ባለፈው የላካችሁልኝን ፎቶ ማለቴ ነው።

አሁን ኅዳር ነው። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 20 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ትወጣለች፣ በእኩለ ቀንም ከአናታችን 30 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች። ከዚህ ተነስታችሁ አስሉት፦

ወደ ደቡብ የሚያይ ፊት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከምሥራቅ በኩል ሰያፍ ብርሃን ያገኛል። በጣም ጥሩው ሰዓት እሱ ነው። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ።

ወደ ምሥራቅ የሚያይ ፊት ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ ምንም አይታይም። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ ከላይ ይቦጭረዋል፣ አግድም መስመሮችን ያኔ አንሱ።

ወደ ሰሜን የሚያይ ፊት በኅዳር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያይም። በእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታልፈው ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ነው፤ ያኔ ደግሞ አብዛኛው ክረምት ነው። ለዚህ ፊት መስታወት ያስፈልጋል፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 40 በ60 ሳንቲሜትር የሚሆን። አንድ ሰው ከጎን 4 ሜትር ርቆ ፀሐይ ላይ ይቁምና ብርሃኑን ከድንጋዩ ፊት ጋር ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ጠባብ ማዕዘን ይላክ። ከ30 ዲግሪ ካለፈ ቅርጹ ይጠፋል። ሌላ ሰው በጥቁር ጃንጥላ የሰማዩን ብርሃን ይከልል። ጃንጥላው ግማሹ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ መስታወቱ የሚያወጣውን ጥላ ሰማዩ መልሶ ይሞላዋል።

ስልኩ ላይ ፍላሽ ይጥፋ። ድንጋዩን ነክተህ ብርሃኑን ቆልፈው፣ ትንሽ ጨለም አድርገው።

ሜክሲኮ፦ እኔ በሦስት ገጽታ የሚታይ ሞዴል መሥራት ነው የምፈልገው። ያው በጠዋቱ ሰያፍ ብርሃን ላንሳ?

ጋሼ፦ አይ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ለማንበብ ሰያፍ ብርሃን፣ ለሞዴል ደመና። ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ሞዴሉን የሚሠራው ሶፍትዌር ጥላውን እንደ ቀለም ይቆጥረዋል፤ አንተ ስትዞር ጥላው ከተንቀሳቀሰ ሁለት ፎቶ አንድ ነጥብ ላይ አይስማሙለትም። ደመና ከሌለ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ያለችውን 20 ደቂቃ ተጠቀም።

በሦስት ከፍታ ዙር፦ በጉልበት፣ በደረት፣ ስልኩን በዘንግ ሰቅለህ ከአናቱ በላይ። በእያንዳንዱ ዙር ከ25 እስከ 30 ፎቶ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ያለፈውን በ70 በመቶ ይደርብ። ዙም አይነካ፣ ሰፊው ሌንስ አይነካ። ሁለት ባለ 50 ሳንቲሜትር በትር መሬት ላይ ይተኛ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከጎን። ሥራው የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ አናቱ ይረሳል፣ ነፋስ ሣሩን ያወዛውዛል፣ ጓደኛህ ከኋላ ያልፋል። ሦስተኛውን አንተ ታውቃለህ።

ልደታ፦ እሺ ግራኝ ካልሆነ ማን ነው የሠራው?

ጋሼ፦ የተቀበሩት ሰዎች ዘመዶች።

ልደታ፦ ማለቴ የትኛው ብሔረሰብ?

ጋሼ፦ ዝለለው። በሰባት መቶ ዓመት ውስጥ ስንት ሕዝብ ወጣ፣ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ቋንቋ ቀየረ። ድንጋይ ላይ የዛሬ መታወቂያ አይለጠፍም። ሌላ ጥያቄ።

አራት ኪሎ፦ ያንን ክብደት እንዴት አመጡት? ማሽን የለም፣ ጋሪ የለም።

ጋሼ፦ ክብደቱን መጀመሪያ አስላ፣ ከዚያ ተገረም። 2.5 ሜትር ርዝመት፣ 80 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 25 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በሜትር ኩብ 2.2 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 1.1 ቶን። እንጨት ላይ አስረው ቢጎትቱት ለሜዳ መሬት 440 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። አንድ ሰው ሳይደክም 25 ኪሎ ይጎትታል ብትል 18 ሰው። ለአንድ ደቦ ያንሳል። አምስት ሜትሩ ሌላ ነገር ነው፣ ወደ 4 ቶን ቢጠጋ 60 እና 70 ሰው፣ ጥሩ ገመድና ጥሩ አዝማች ይፈልጋል።

ከባዱ መትከሉ ነው። ጉድጓዱ በአንድ ወገን ቁልቁል ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ተዳፋት መሆን አለበት። እግሩ በተዳፋቱ ይንሸራተትና ግድግዳውን ይገፋል፤ ከዚያ ከኋላ በግንድ እየፈነቀሉ፣ እየደገፉ፣ ከፊት በገመድ እየሳቡ ያቆሙታል። ከጠቅላላ ርዝመቱ አንድ አምስተኛው ቢያንስ መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ከቆመ በኋላ ዙሪያውን ድንጋይ ይታጨቃል፣ አፈር በየንብርብሩ ይደቀደቃል። ማጨቁን የዘለለ ሰው ድንጋዩ በመጀመሪያው ክረምት ይዘምምበታል።

ሰንጋ ተራ፦ የአክሱሙ ታላቅ ሐውልት የወደቀው በዚህ ነው?

ጋሼ፦ አክሱም ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ዘመን፣ ሌላ መንግሥት ነው። ባጭሩ፦ 33 ሜትርና 520 ቶን ገደማ ይሆናል፣ መሬት ውስጥ የገባው እግሩ ግን ለቁመቱ በጣም ያንሳል። ከሮም ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. የቆመው ባለ 24 ሜትሩ ነው፤ አትደባልቋቸው። ስለ አክሱም ሌላ ማታ።

አምባሳደር፦ አንዳንዱ ጢያ ላይ ዘመም ብሏል። ለምን ቀና አያደርጉትም? ሥሩን በሲሚንቶ ቢያስሩትስ?

ጋሼ፦ ሲሚንቶ ስትሉ ጥርሴን ያመኛል።

ድንጋይ የሚዘመው ከሥሩ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት መሬት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ድንጋዩን ትንሽ ያነሳዋል፣ ትንሽ ይለቀዋል፣ ግን ወደነበረበት አይመልሰውም። ከብት ይታከክበታል። ጎርፍ በአንድ ወገን አፈሩን ይወስዳል። ሰው ለፎቶ ይደገፍበታል። ሲሚንቶ ከዚህ አንዱንም አያቆምም። ከኢግኒምብራይቱ ይጠነክራል፣ ውሃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል ብቻ ይወጣል፣ ጨው ከሲሚንቶው ጠርዝ በላይ ባለችው ጣት በምታክል ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ድንጋዩም በዚያች መስመር ይፈረፈራል። በመጨረሻ ጠንካራ የሲሚንቶ ጉቶና የተቆረጠ ድንጋይ ነው የሚቀርህ። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ውሃው የሚሄድበት ቦይ፣ ከብት የማይገባበት አጥር፣ በየዓመቱ ዝንባሌውን የሚለካ ሰው። በዓመት ግማሽ ዲግሪ ከጨመረ ባለሙያ ይጠራል። ካልጨመረ ዘሞ ይኑር።

ጊዮርጊስ፦ ጋሼ ይህ ድንጋይ ምን ማለት ነው? (ፎቶ)

ጋሼ፦ የትኛው ድንጋይ? የትኛው ፊት? በስንት ሰዓት የተነሳ? ወደ መግቢያው ተመለስ።

ቸርችል፦ ቅድም "ከቆመበት ሆኖ ምን ይታይ ነበር" ሲሉ ምን እንመልከት? ተራራ ነው? ወንዝ ነው?

ጋሼ፦ ይህን ስትጠይቅ ቅድም የጠመኔውን ይቅር አልኩህ።

ከሰልፉ ሁለት ጫፎችና ከመካከሉ ቁም። በየቦታው አድማሱን ዙሪያውን ተመልከት፦ የትኛው ተራራ ይታያል፣ የትኛው ይጋረዳል፣ ሜዳው ወደየት ያዘነብላል፣ ውሃው ወደየት ይወርዳል። አድማሱን በ360 ዲግሪ በየ30 ዲግሪው ፎቶ አንሳ፣ በዓይን ቁመት። ከዚያ ግልባጩን አድርግ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ከድንጋዮቹ 500 ሜትር ርቀህ ከአራቱም አቅጣጫ ወደ እነሱ ተመለስና ከየትኛው ርቀት መታየት እንደሚጀምሩ ጻፍ። ትክል ድንጋይ ለሚያልፍ ሰው ነው ወይስ ለሚመጣ ሰው ነው የቆመው? ይህን የሚመልሰው ድንጋዩ ሳይሆን መንገዱ ነው። አስፋልቱን ሳይሆን የድሮውን የእግር መንገድ፣ የገበያ መንገዱን የአካባቢውን አዛውንት ጠይቅ። ስትጠይቁም "ድንጋዩ ምን ማለት ነው" አትበሏቸው፤ የግራኝ ነው ይሏችኋል። "አያትዎ ገበያ በየት በኩል ነበር የሚሄዱት" በሏቸው።

ባህር ዛፉንና አጥሩን በዓይነ ልቦናችሁ አንሱት። ዛፉ አዲስ ነው።

ከዚያ ወደ ካርታ። ሌሎቹን የሶዶ ቦታዎች የምታውቁትን አስቀምጡና ምን እንደሚጋሩ ተመልከቱ፦ ውሃ መክፈያ ላይ ናቸው? ለእርሻ ከማይሆን መሬት ላይ? ድንጋዩ ከሚወጣበት ቦታ ምን ያህል ይርቃሉ? ሦስት ቦታ አይቶ "ሁልጊዜ ኮረብታ ላይ ነው" የሚል ሰው ካለ አራተኛውን እኔ አሳየዋለሁ፤ ሜዳ ላይ ነው።

ፒያሳ፦ መኪናው ከየት ነው? ክፍያውስ ስንት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ጋሼ፦ የመኪናና የገንዘብ ጥያቄ ለአዘጋጁ። መንገዱ በዓለም ገና በቡታጅራ መስመር ነው፣ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግረህ፣ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር እንደተነሳህበት ሰፈር። ሁለት ሰዓት ገደማ። እና አዘጋጁ፣ በ12 ሰዓት መነሳት ምን ማለት ነው? ጢያ 2 ሰዓት እንደርሳለን፣ የደቡቡ ፊት ብርሃን አልፎ። 11 ሰዓት አድርገው። አስጎብኚውም ከወዲሁ ይወቅ።

አምባሳደር፦ 11 ሰዓት ለሊት ነው ጋሼ! ታክሲ የት ይገኛል?

ጋሼ፦ መስታወት የሚያመጣው ማን ነው?

ሜክሲኮ፦ እኔ። የፀጉር ቤት ነው፣ 50 በ70።

ጋሼ፦ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አምጣው። ጥቁር ጃንጥላ ሁለት፣ ባለ 50 ሜትር ሜትር አንድ፣ ባለ 50 ሳንቲሜትር በትር አራት። ጠመኔ የለም።

አዘጋጅ፦ መነሻው ወደ 11 ሰዓት ተቀይሯል። ቡታጅራ ለምሳ የሚቀጥሉ እስከ ቅዳሜ ቀትር ያስመዝግቡ። ልደታ፣ የመጨረሻዋን መልእክትህን አጥፍቻታለሁ፤ የግራኝ ነገር ተመልሷል።